ቅባታማ ዓሣ ለልብና ለአእምሮ፦ ከጣና ዳር እስከ ደባርቅ ደጋ

«ዓሣ ብላ፤ ለልብ ይስማማል» የሚለው ምክር በጎንደር ከተማ አዲስ አይደለም። የደም ግፊት ክትትል ያላቸው ሰዎች ከሐኪም ይሰሙታል፤ ሬዲዮውና ማኅበራዊ ሚዲያውም ይደጋግሙታል። ምክሩ መሠረት አለው። ይሁን እንጂ ምክሩ የተመሠረተበት ዓሣ እና ከጎርጎራ ተጭኖ ጎንደር ገበያ የሚገባው ዓሣ አንድ አይደሉም። ለልብ ያለው ጥቅም በስፋት የተጠናው እንደ ሳልሞን፣ ሰርዲን፣ ማኬሬልና ሄሪንግ ያለው ቅባታም የባሕር ዓሣ ነው። የጣና ሐይቅ ዓሣ ግን በአብዛኛው ቅባቱ ጥቂት ነው። ከጎንደር በስተሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ በ2 ሺህ 850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በሚገኘው ደባርቅ፣ ከዚያም አልፎ በጃናሞራና በበየዳ፣ ዓሣ ራሱ ከማዕድ ላይ እምብዛም የማይታይ ምግብ ነው።

በዚህ ምክንያት በጎንደርና በዙሪያዋ ያለ ሰው ምክሩን ሲሰማ ከየትኛው ዓሣ፣ ምን ያህል ጥቅም እንደሚያገኝ መለየት ይኖርበታል። ዓሣ በማይደርስበት ደጋ ደግሞ በምን ሊተካ እንደሚችል ማወቅ ያስፈልጋል።

ቅባቱ ምንድን ነው?

የዓሣ ቅባት ከበሬ ሞራና ከቅቤ የሚለየው ኦሜጋ 3 የተባለውን የቅባት ዓይነት በብዛት በመያዙ ነው። በዓሣ ውስጥ የሚገኙት ዋና ዋናዎቹ ኢፒኤ እና ዲኤችኤ በመባል ይታወቃሉ። ዓሣው ራሱ ከባዶ አይሠራቸውም። በውሃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ዕፅዋት ይሠሯቸዋል፤ ትንንሽ የውሃ ነፍሳት ዕፅዋቱን ይመገባሉ፤ ዓሣው ደግሞ ሁለቱንም እየበላ በሥጋው ያከማቻል። በቀዝቃዛ ባሕር የሚኖር ዓሣ ይህን ቅባት በብዛት የሚይዘው በቅዝቃዜ የማይረጋ ቅባት ስለሚያስፈልገው ጭምር ነው። ቅቤ በደጋ ብርድ ሲረጋ የዓሣ ዘይት ፈሳሽ ሆኖ የሚቆየው በዚሁ ጠባዩ ነው።

ኦሜጋ 3 በሰው ደም ውስጥ ትራይግሊሰራይድ የተባለውን ቅባት ይቀንሳል፤ የደም ግፊትንም በመጠኑ ዝቅ ያደርጋል፤ የልብ ሴሎች የኤሌክትሪክ ሥርዓት ላይም ተጽዕኖ አለው። ዲኤችኤ ደግሞ ከአንጎልና ከዓይን ሬቲና ዋና ዋና የቅባት ግንባታዎች አንዱ ነው። የዓሣ ነገር ከልብ አልፎ ከአእምሮ ጋር የሚያያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥናቶቹ ያሳዩትና ያላሳዩት

ነገሩ የተጀመረው በግሪንላንድ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባንግ እና ዳይርበርግ የተባሉ የዴንማርክ ተመራማሪዎች፣ ዓሣና የባሕር እንስሳት ሥጋ አዘውትረው የሚመገቡትን የኢኑይት ሰዎች ደም መርምረው፣ የደም ቅባታቸው ከዴንማርካውያን የተለየ መሆኑን ጻፉ። ልባቸውም የተጠበቀው በዚህ ነው የሚል ሐሳብ ተስፋፋ። የኢኑይት ሰዎች የልብ ሕመም አነስተኛ ነው የሚለው መነሻ ራሱ በኋለኞቹ ዓመታት በሌሎች ተመራማሪዎች ጥያቄ ተነሥቶበታል። ሆኖም ሐሳቡ በዓለም ዙሪያ ትልልቅ ሙከራዎች እንዲካሄዱ በር ከፈተ።

በዌልስ የልብ ድንገተኛ ሕመም ደርሶባቸው የዳኑ 2 ሺህ 33 ወንዶች የተሳተፉበት ጥናት በ1989 (እ.ኤ.አ.) ይፋ ሆነ። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቅባታማ ዓሣ እንዲበሉ ከተመከሩት መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ የሞቱት፣ ካልተመከሩት ጋር ሲነጻጸሩ በ29 በመቶ ያነሱ ነበሩ። ከአሥር ዓመት በኋላ በጣሊያን ከ11 ሺህ በላይ ሕሙማንን ያቀፈ ሙከራ፣ በቀን 1 ግራም የኦሜጋ 3 እንክብል የወሰዱት ላይ ሞት መቀነሱን ዘገበ። የዓሣ ዘይት እንክብል ከዚያ በኋላ ትልቅ የዓለም ንግድ ሆነ።

ቀጥለው የመጡት ውጤቶች ያን ያህል የሚያስደስቱ አልነበሩም። በዌልስ በ2003 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነው ሁለተኛው ጥናት፣ የደረት ውጋት ባለባቸው ከ3 ሺህ በላይ ወንዶች ላይ ተመሳሳይ ጥቅም አላገኘም። በ2018 (እ.ኤ.አ.) ሁለት ሰፋፊ ሙከራዎች ተጠናቀቁ። አንደኛው በአሜሪካ 25 ሺህ 871 ሰዎችን፣ ሌላው በብሪታኒያ 15 ሺህ 480 የስኳር ሕሙማንን ለዓመታት ተከታትሏል። በሁለቱም እንክብሉ የልብና የደም ሥር አደጋዎችን በአጠቃላይ በግልጽ አልቀነሰም። በዚያው ዓመት የወጣ ሦስተኛ ሙከራ ደግሞ ትራይግሊሰራይዳቸው ከፍ ያለ ሕሙማን በሐኪም ትእዛዝ በቀን 4 ግራም የተጣራ ኢፒኤ ሲወስዱ አደጋው በ25 በመቶ እንደቀነሰ አሳየ። ይህ መድኃኒት በየሱቁ ከሚሸጠው የዓሣ ዘይት የተለየ ነው፤ ተመሳሳይ ሌላ ሙከራም ይህን ውጤት አልደገመውም። በከፍተኛ መጠን የሚወሰድ ኦሜጋ 3 የልብ ምት መዛባትን ሊያበዛ እንደሚችልም ታውቋል።

ከአሜሪካው ጥናት አንድ ነጥብ ለዚህ አካባቢ አንባቢ ትኩረት ይገባዋል። በሳምንት ከአንድ ተኩል ጊዜ በታች ዓሣ የሚበሉት ተሳታፊዎች ለብቻቸው ሲታዩ ከእንክብሉ የተወሰነ ጥቅም ያገኙ ይመስላሉ። ከትልቅ ጥናት የተቆረጠ የክፍል ውጤት ስለሆነ በጥንቃቄ መወሰድ አለበት። የሚጠቁመው ግን ቀድሞውኑ ዓሣ የሚበላ ሰው ላይ ጭማሪው እምብዛም እንደማይታይና፣ ፈጽሞ በማይበላው ላይ ግን ለውጥ ሊኖር እንደሚችል ነው። የኢትዮጵያዊ አማካይ የዓሣ ፍጆታ በዓመት ከአንድ ኪሎ ግራም በታች ሲሆን፣ የዓለም አማካይ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የሐኪሞች ማኅበራት አቋም በእንክብሉ ላይ ቀዝቅዞ በዓሣው ላይ ጸንቷል። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በሳምንት ሁለት ጊዜ ዓሣ፣ በተለይም ቅባታም ዓሣ፣ መብላትን ይመክራል፤ አንዱ ድርሻ ሲበስል 85 ግራም ገደማ ነው። ዓሣ የሚበላ ሰው በዚያ ማዕድ ላይ ጮማ ወይም ቅቤ የበዛበት ወጥ አልበላም ማለት ስለሆነ፣ ከጥቅሙ ከፊሉ የሚመጣው በተተካው ምግብ ነው።

የጣና ዓሣ

ጣና 3 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው፣ ጥልቀቱ ግን ከ14 ሜትር ብዙም የማይበልጥ ሐይቅ ነው። ለገበያ የሚቀርቡት ዓሦች በዋናነት ሦስት ናቸው፦ ቆሮሶ፣ አምባዛ እና ነጭ ዓሣ። ነጭ ዓሣ በሚለው ስም ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች ይጠቃለላሉ፤ አብዛኞቹም ከጣና በስተቀር በየትም ዓለም አይገኙም። ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ መገጭ፣ ድርማ፣ ርብና ጉማራ ወንዞች ይወጣሉ። በዚህ ወቅት በወንዝ አፍ ላይ መረብ መዘርጋት ዘሩን ከነእናቱ ማጥፋት ነው፤ የነጭ ዓሣ ምርት በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በእጅጉ ያሽቆለቆለበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነበር።

ከእነዚህ መካከል በብዛት የሚበላው ቆሮሶ ጥሩ ሥጋ አለው፤ ፕሮቲኑ ከበሬ ሥጋ አያንስም፤ ቅባቱ ግን ከ100 ግራም ሥጋ ውስጥ 2 ግራም እንኳ አይሞላም። ከዚያ ውስጥ ኢፒኤና ዲኤችኤ ሲደመሩ ከ0.1 እስከ 0.2 ግራም ገደማ ናቸው። በተመሳሳይ ክብደት ሳልሞን 2 ግራም ገደማ፣ የጣሳ ሰርዲን ደግሞ ከ1 ግራም በላይ ይይዛል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እና የዓለም የጤና ድርጅት ባለሙያዎች ለጎልማሳ ሰው በቀን ቢያንስ ሩብ ግራም ይመክራሉ። ይህን በቆሮሶ ብቻ ለማሟላት በሳምንት ከአንድ ኪሎ ያላነሰ ንጹሕ ሥጋ መብላት ያስፈልጋል፤ በጎንደር ከተማ ኑሮ የሚሞከር አይደለም።

የስቡ መጠን ከሐይቅ ሐይቅም ይለያያል። ዘነበ ታደሰ እና የስዊድን ባልደረቦቻቸው በ1998 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሟቸው ጥናቶች የኢትዮጵያ ሐይቆች ዓሦችን ስብ መርምረዋል፤ የቆሮሶው የስብ ዓይነትም ዓሣው ከሚመገባቸው ጥቃቅን የውሃ ዕፅዋት ጋር የተያያዘ መሆኑን አሳይተዋል። የወቅቱና የመራቢያው ጊዜም ለውጥ ያመጣል፤ ለመራባት የተዘጋጀ ዓሣ ይሰባል፣ ዕንቁላሉን ጥሎ ሲመለስ ይከሳል።

አምባዛ ከቆሮሶ የበለጠ ቅባት አለው። ነገር ግን በጎንደርና በአካባቢው ብዙ ክርስቲያኖች ቅርፊት የሌለው ዓሣ ነው በማለት አይበሉትም። ስለዚህ ከሐይቁ ዓሦች መካከል በቅባቱ የተሻለው የብዙው ሰው ማዕድ ላይ አይደርስም። ይህ የእምነት ጉዳይ ነውና የጤና ምክር ሊጫነው አይገባም፤ አምባዛን የሚበሉ ቤተሰቦች ግን በዚህ ረገድ የተሻለ ያገኛሉ። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውም እንዲሁ ለአባቶችና ለሊቃውንት የሚተው ነው። ገበያው ግን የራሱን ይናገራል፤ በዐቢይ ጾም የዓሣ ፈላጊ ይበዛል፣ ዋጋውም ይንራል።

ቆሮሶ ቅባቱ ጥቂት መሆኑ ለልብ አይጠቅምም ማለት አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን ከጮማ ጥብስ ይልቅ የቆሮሶ ወጥ የሚበላ ሰው የሚረጋውን ቅባት ቀንሶ ጥሩ ፕሮቲን ያገኛል። በትክክል ቅባታም የሆነውን ዓሣ የሚፈልግ የከተማ ነዋሪ ደግሞ በየሱቁ መደርደሪያ ያገኘዋል፤ ከውጭ የሚመጣው የጣሳ ሰርዲን ነው። ብዙ ሰው የተማሪ ምግብ አድርጎ ይንቀዋል እንጂ፣ በኦሜጋ 3 ረገድ ከቆሮሶ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጣሳ ለአንድ ሰው በቂ ነው። ጨው ስላለበት ፈሳሹን አንጠፍጥፎ፣ ሌላ ጨው ሳይጨምሩ በቲማቲምና በቃሪያ መብላት ይመረጣል። የጣሳ ቱና በበኩሉ ፕሮቲኑ ጥሩ ቢሆንም ቅባቱ አነስተኛ ነው፤ ከሰርዲን ጋር እኩል ማየት አይገባም።

ዓሣ በማይደርስበት ደጋ፦ ተልባ

በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ ገበሬ ዘንድ ኦሜጋ 3 የሚገኝበት ሰብል አስቀድሞም አለ። ተልባ ከክብደቱ 40 በመቶ ገደማ ዘይት ሲሆን፣ ከዘይቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኤኤልኤ የተባለው የዕፅዋት ኦሜጋ 3 ነው። ተልባ ብርድ የሚወድ፣ ብዙ ማዳበሪያ የማይጠይቅ፣ ከገብስና ከስንዴ ጋር ለማፈራረቅ የሚስማማ ሰብል ነው። ጠላቱ አረም ነው፤ ቅጠሉ ስስ ስለሆነ አረሙን ማፈን አይችልም፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልታረመ ተልባ ምርቱ ይወድቃል። እንደ ገብስና ጤፍ ቦታ ስለማይሰጠው ብዙ ጊዜ የሚዘራው በደከመ መሬት ላይ ነው።

አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ፣ 7 ግራም ገደማ፣ 1.6 ግራም ያህል ኤኤልኤ ይሰጣል። ይህም የአሜሪካ የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ለጎልማሳ ወንድ የቀን ፍላጎት ብለው ያስቀመጡት መጠን ነው፤ ለሴት 1.1 ግራም ነው። ነገር ግን ተልባ ዓሣን ሙሉ በሙሉ አይተካም። የሰው አካል ኤኤልኤን ወደ ኢፒኤ የሚለውጠው ከመቶ ጥቂት እጁን ብቻ ሲሆን፣ ወደ ዲኤችኤ የሚለውጠው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። «ተልባ ከሳልሞን ይበልጣል» የሚሉ የማኅበራዊ ሚዲያ መልእክቶች ይህን ይዘሉታል።

ተልባ የራሱ ጥቅም አለው። አሰሩ ኮሌስትሮልን በመጠኑ ይቀንሳል፤ ለሆድ ድርቀትም ይረዳል። በካናዳ የእግር ደም ሥር መጥበብ ባለባቸው 110 ሕሙማን ላይ በተደረገና በ2013 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ሙከራ፣ በቀን 30 ግራም የተፈጨ ተልባ ለስድስት ወር የበሉት የላይኛው የደም ግፊታቸው፣ ካልበሉት ጋር ሲነጻጸር በ10 ነጥብ ገደማ ዝቅ ብሏል። በኋላ የተሰበሰቡ ጥናቶች ያገኙት ቅናሽ ከዚህ ያነሰ ነው። ቢሆንም ከገዛ ማሳ ለሚገኝ ምግብ ትንሽ ውጤት አይደለም።

የአካባቢው እናቶች አዘገጃጀት በአብዛኛው ትክክለኛ ነው። ያልተፈጨ የተልባ ፍሬ ሳይፈጭ በሆድ አልፎ ይወጣል፤ አምሶ መፍጨት ወይም መውቀጥ ጥቅሙን ያወጣዋል። ችግሩ ያለው በሁለት ነገር ላይ ነው። አንደኛ፣ እስኪከስል ድረስ ማመስ ቅባቱን ያበላሻል፤ መፈንዳት ሲጀምርና ሽታው ሲያውድ ማውረድ ይበቃል። ሁለተኛ፣ የተፈጨ ተልባ ቶሎ ይበላሻል። ከተልባ የሚወጣው ዘይት አየር ሲነካው የሚደርቅ በመሆኑ በሌላው ዓለም ለቀለም ሥራ ሲያገለግል የኖረ ነው፤ በጓዳ ለወራት የተቀመጠ የተልባ ዱቄት ቀለም ቀለም ቢሸት አያስደንቅም። ለሳምንት የሚበቃውን ብቻ ፈጭቶ፣ በተከደነ ዕቃ፣ ብርሃን በማያገኘው ቀዝቃዛ ቦታ ማኖር ይሻላል። ፍሬው ግን ሳይፈጭ ለረጅም ጊዜ ይቆያል።

ተልባ የሚጠጣ ሰው ውሃ በደንብ መጠጣት አለበት። መድኃኒት የሚወስድ ከሆነም ከተልባው ቢያንስ አንድ ሰዓት አራርቆ ቢወስድ ይመረጣል፤ የተልባው ልጋግ መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ሊያዘገየው ይችላል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በብጥብጡ ላይ ስኳር ወይም ማር አለመጨመሩን ልብ ይበል።

ዘይቱ፣ ጨው እና የደም ግፊቱ

በጎንደር ለልብ ጤና ከዓሣ የበለጠ የሚወስነው በየቀኑ ድስት ውስጥ የሚገባው ነው። ከውጭ የሚመጣው የሚረጋ የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ኮሌስትሮልን የሚጨምረው ዓይነት ቅባት ነው። የኑግ ዘይት ግን ሰባ በመቶና ከዚያ በላይ የሚሆነው ኮሌስትሮልን የሚቀንሰው ኦሜጋ 6 ነው። ኦሜጋ 6 ኦሜጋ 3ን ይጻረራል፣ ስለዚህ ኑግ ጎጂ ነው የሚል አባባል አልፎ አልፎ ይሰማል። ሁለቱ ቅባቶች በአካል ውስጥ በአንድ ኢንዛይም ላይ መሻማታቸው እውነት ነው፤ ኑግን ትቶ ወደ ፓልም መሄድ ግን ለልብ የባሰ ነው። ከታወቀ መጭመቂያ ያልተበረዘ ኑግ ማግኘት የቻለ ሰው የተሻለውን ይዟል።

ጨው ደግሞ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ፣ ይመክራል። በ2015 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ በተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት የጎልማሳው አማካይ ፍጆታ ከ8 ግራም በላይ ነበር። በርበሬው ራሱ ጨው አለበት፤ ከዚያ ወጡ ላይ ይጨመራል፤ ምጥኑን የሚያውቀው የለም።

የደም ግፊት የከተማዋ እውነተኛ ችግር መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። በጎንደር ከተማ ዕድሜያቸው 35 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑ 679 ነዋሪዎች ላይ ተካሂዶ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት፣ ከመቶ 28.3 የሚሆኑት የደም ግፊት እንዳለባቸው አግኝቷል፤ ከእነዚህ ከሦስት አንዱ በላይ ሕመሙ እንዳለበት አያውቅም ነበር። ግፊቱን የማያውቅ ሰው ሰርዲንም ተልባም ቢበላ አደጋው አይቀርለትም። በጤና ጣቢያ የደም ግፊት መለካት ደቂቃዎች የሚወስድ ነገር ነው። መድኃኒት የተጀመረለት ሰውም «አሁን ተሽሎኛል፣ በምግብ እይዘዋለሁ» ብሎ ማቆም የለበትም፤ የተሻለው በመድኃኒቱ ነውና።

በደጋው ወጣቶችና ሕፃናት ላይ የሚታየው የልብ ሕመም ብዙውን ጊዜ ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። የሩማቲክ የልብ ሕመም የሚጀምረው በአግባቡ ካልታከመ የጉሮሮ ቁስለት ሲሆን፣ የልብን በሮች ይጎዳል። ዓሣም ሆነ ተልባ አይከላከለውም፤ የሚከላከለው የጉሮሮ ሕመሙን በጊዜ ማከምና፣ ሕመሙ ከያዘ በኋላም በየጊዜው የሚሰጠውን የፔኒሲሊን መርፌ አለማቋረጥ ነው። ዋርፋሪን የተባለውን የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ የልብ ሕሙማን ያለ ሐኪም ምክር የዓሣ ዘይት እንክብል ሊጀምሩ አይገባም፤ የመድማት አደጋን ሊጨምር ይችላል።

ስለ አእምሮ ጤና

ብዙ ዓሣ በሚበላባቸው አገሮች ድባቴ አነስተኛ ነው የሚለው ሐሳብ የተስፋፋው፣ አሜሪካዊው ሐኪም ጆሴፍ ሂብልን በ1998 (እ.ኤ.አ.) የአገሮችን የዓሣ ፍጆታና የድባቴ መጠን ጎን ለጎን አስቀምጠው ካሳተሙ በኋላ ነው። አገርን ከአገር ማወዳደር ግን ምክንያትን አያረጋግጥም፤ ዓሣ የሚበላ ሕዝብ በሀብቱም፣ በአኗኗሩም፣ በሕክምናውም ሊለይ ይችላል። ከላይ የተጠቀሰው የአሜሪካ ሙከራ አካል በሆነ ጥናት፣ ድባቴ የሌለባቸው ከ18 ሺህ በላይ ሰዎች ለአምስት ዓመት ያህል ክትትል ተደርጎላቸው፣ የኦሜጋ 3 እንክብል ድባቴን እንዳልተከላከለላቸው በ2021 (እ.ኤ.አ.) ተገልጿል። ድባቴ ያለባቸው ሰዎች ከመድኃኒታቸው ጎን ኢፒኤ የበዛበት እንክብል ሲወስዱ በመጠኑ እንደሚረዳቸው የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ ይህም የሚሆነው በሐኪም ምክር፣ በመድኃኒት ላይ ተደርቦ እንጂ መድኃኒትን ተክቶ አይደለም።

ከአንድ ምግብ ይልቅ የጠቅላላ አመጋገብ ነገር የተሻለ ተስፋ ያሳያል። በአውስትራሊያ ድባቴ ባለባቸው 67 ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2017 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ሙከራ፣ ለ12 ሳምንት በባለሙያ እየታገዙ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ዓሣና የወይራ ዘይት ወደበዛበት አመጋገብ ከተሸጋገሩት ሲሶው ያህል ከድባቴው ወጥተዋል፤ በንጽጽር ከቀረቡት ግን 8 በመቶ ብቻ ናቸው። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ተሳታፊዎቹም የትኛው ወገን እንደሆኑ ያውቁ ነበር። ነገር ግን የተመከረው ምግብ ለጎንደር ሰው እንግዳ አይደለም። ሽሮው፣ ምስር ወጡ፣ ጎመኑ፣ ባቄላው ከዚያ ዝርዝር ውስጥ ናቸው።

በሰሜን ጎንደር የአእምሮ ጤና ነገር ከምግብ በላይ ነው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በዳባት፣ በደባርቅና በአዲ አርቃይ አካባቢ የተካሄደው ጦርነት ብዙዎችን አፈናቅሏል፤ ሐዘኑ አሁንም በየቤቱ አለ። ማረሻ በሬውን ያጣ ገበሬ፣ ልጇን የቀበረች እናት የሚያስፈልጋቸው ዓሣ ነው ብሎ መምከር ስድብ ይሆናል። ከሁለት ሳምንት በላይ የዘለቀ ከባድ ሐዘን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ከሰው መራቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ሲታይ ሰውየውን ብቻውን ሳይተዉ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሊላክ ይችላል። ጸበል የሚጠመቅ ሰውም መድኃኒቱን ጎን ለጎን መውሰድ ይችላል፤ በዚህ ምክንያት የተቋረጠ መድኃኒት ሕመሙን ሲያገረሽበት ይታያል።

ሌላም ተያያዥ ነገር አለ። በድባቴ የተያዘ ሰው ምግብ ይተዋል፣ ወይም ያገኘውን ብቻ ይቀምሳል፤ የአመጋገቡ መጉደል የሕመሙ ውጤትም ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ጎረቤት «ቡና ጠጡ» ብሎ መጥራቱ፣ ብቻውን የሚበላውን ሰው በገበታ ዙሪያ ማስቀመጡ ከየትኛውም እንክብል የቀረበ እርዳታ ነው።

ሲገዙና ሲያበስሉ

ከጎርጎራ እስከ ጎንደር ያለው መንገድ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ያለ በረዶ በፀሐይ ከተጓዘ ዓሣው ጎንደር ሳይደርስ መበላሸት ይጀምራል። የትኩስ ዓሣ ዓይን ወጣ ያለና ጥርት ያለ ነው፤ ጉንጩ ሲገለጥ ቀይ ነው፤ ሥጋው በጣት ሲጫኑት ይመለሳል። ዓይኑ የጎደጎደ፣ ጉንጩ የጠቆረ፣ ሽታው የከፋ ከሆነ በቅመም ሸፍኖ መብላት ለሕመም መዳረግ ነው። ሐይቅ ዳር አንዳንዶች ዓሣን ጥሬውን ይበሉታል፤ የጣና ዓሦች የጥገኛ ትላትል ተሸካሚ ሊሆኑ ስለሚችሉ በደንብ ማብሰል ያስፈልጋል። ሆድ ዕቃውን አውጥቶ ማጠብ ብቻውን አይበቃም።

በጎንደር ምግብ ቤቶች የተለመደው ሙሉ ዓሣ በጥልቅ ዘይት መጥበስ ነው። ሥጋው ስስ ስለሆነ የመጥበሻውን ዘይት ይጠጣል፤ ዘይቱ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሲፈላ የዋለ ፓልም ከሆነ ለልብ ብሎ የበላው ሰው የተቃራኒውን አግኝቷል። በቤት ውስጥ በሽንኩርት፣ በቲማቲም፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥቂት ኑግ የተሠራ የዓሣ ወጥ፣ ወይም በከሰል ላይ የተጠበሰ ዓሣ የተሻለ ነው። ቋንጣ ሆኖ የደረቀ ዓሣ ጨው ከበዛበት ቀድሞ በውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት የደም ግፊት ላለበት ሰው ይጠቅማል። ለሕፃናትና ለአረጋውያን ሲቀርብ አጥንቱን በእጅ መለየት ጊዜ ይወስዳል፤ የቆሮሶ አጥንት ከነጭ ዓሣው ያነሰና ለመልቀም የቀለለ ስለሆነ ለልጆች የሚመረጠው እሱ ነው።